ከወንበሩ በፊት መስመሩ ይጻፍ፦ አሮጌ የኤሌክትሪክ ባቡር ለሚያሳድሱ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የከተማና የከተማ ዳር ባቡሮችን ለሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች፣ የእድሳት ውል ለሚፈርሙ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በእነዚህ ባቡሮች ለሚመላለሰው ሕዝብ

ጉዳዩ፦ የሚታደሱ የኤሌክትሪክ ባቡሮች በየትኞቹ መስመሮች እንደሚሄዱ ከእድሳቱ ውል በፊት እንዲወሰንና ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ስለ መጠየቅ

ክቡራትና ክቡራን፣

አሮጌ የኤሌክትሪክ ባቡር ታድሶ ከጥገና ጣቢያ ሲወጣ የሚነገረን ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ወንበሩ ተቀይሯል፣ መብራቱ ደምቋል፣ ማቀዝቀዣ ገብቶለታል፣ ቀለሙ አዲስ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ይህ ባቡር በየትኞቹ መስመሮች እንዲሄድ ተፈቀደለት? ከየትኞቹስ ተከለከለ? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ወራት አልፈው አንዱ መስመር ሲጨናነቅ፣ ሌላ ቦታ የቆመ ባቡር እያለ ለምን አይላክልንም ብሎ ተሳፋሪ ሲያማርር ነው “ያ ባቡር እዚህ መስመር ላይ አይሄድም” የሚል መልስ የሚመጣው። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚነገር እውነት ለማንም አይጠቅምም።

ይህን የምጽፈው በባቡር የምመላለስና የባቡሮችን ጉዳይ በቅርብ የምከታተል ሰው ሆኜ ነው። እድሳትን አልቃወምም፤ እንዲያውም ብዙ አሮጌ ባቡሮች ጊዜያቸው ሳይደርስ ተጥለዋል ብዬ አምናለሁ። የባቡር ገላ በአግባቡ ከተያዘ ከ30 እስከ 40 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ቀድሞ የሚያረጀው ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። የሞተር መቆጣጠሪያው መለዋወጫ ከገበያ ይጠፋል፣ የድሮው ሞተር ካርቦን ብሩሹ (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ የሽቦው ልባስ ይደርቃል፣ በሮቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ መንቀራፈፍ ይጀምራሉ። ገላውና እግሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በዚህ ብቻ ባቡሩን ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሀብት ማባከን ነው።

አዲስ ባቡርም ዛሬ ታዝዞ ነገ አይመጣም። የበርሊን ከተማ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2009 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአንድ ባቡር የብረት ጎማ ተሰብሮ ባቡሩ ከሐዲድ ከወጣ በኋላ፣ የዚያ ዓይነት ባቡሮች በብዛት ለምርመራ ከሥራ ወጡና ከተማዋ ከባድ የትራንስፖርት ችግር ላይ ወደቀች። ተተኪ የሆኑት አዳዲስ ባቡሮች መንገደኛ መጫን የጀመሩት ጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ከተማዋ ያለፈችው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ አሮጌ ባቡሮቿን ጭምር ጠግናና አድሳ በማቆየት ነው።

ስለዚህ ክርክሬ ይታደስ ወይስ ይጣል በሚለው ላይ አይደለም። ክርክሬ እድሳቱ ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው። የእድሳት ውል የመጀመሪያ ገጽ ስለ ወንበርና ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ መስመር መሆን አለበት። ባቡሩ ዛሬ የት የት ይሄዳል? ታድሶ ሲወጣስ የት የት ይሄዳል? የማይሄድበት መስመር ካለ ምክንያቱ ምንድን ነው? ያን ምክንያት ለማስወገድ ምን ያህል ይፈጃል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚፈረም ውል ሙሉ ውል አይደለም።

መኪና መንገድ ካለ ይሄዳል። ባቡር ግን ከመስመሩ ጋር ተለክቶ የተሠራ ነገር ነው። ስፋቱና ቁመቱ ከዋሻውና ከድልድዩ ጋር፣ የበሩ ከፍታ ከፕላትፎርሙ ጋር፣ ርዝመቱ ከጣቢያው ጋር፣ ክብደቱ ከድልድዩ አቅም ጋር፣ ሞተሩ መስመሩ ላይ ካለው ቮልት ጋር፣ ፍሬኑ ከሲግናሎቹ (ባቡር እንዲያልፍ ወይም እንዲቆም ከሚያዙት መብራቶች) ርቀት ጋር መስማማት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ብቻ ከተዛባ ባቡሩ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለትም ቢሆን እዚያ መስመር ላይ አይወጣም። ይህን ሳያጣራ እድሳት የሚያዝ መሥሪያ ቤት የመኝታ ቤቱን በር ሳይለካ አልጋ እንደሚያሠራ ሰው ነው፤ አልጋው ምንም ያህል ቢያምር ሳሎን ይቀራል።

ከቮልቱ ልጀምር። በፓሪስ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚያቋርጠው አር ኢ አር ኤ በተባለው መስመር ላይ ከ1960ዎቹ የመጡ ኤም ኤስ 61 የሚባሉ ባቡሮች ለረጅም ዘመን አገልግለዋል። የሚሠሩት በ1,500 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ብቻ ነበር። በምዕራብ በኩል ወደ ሰርዢና ወደ ፑዋሲ የሚሄዱት ቅርንጫፎች ግን በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት የሚሠሩ ናቸው። ባቡሮቹ ከአንድ ጊዜ በላይ ታድሰዋል፤ ቢሆንም በ2016 ከአገልግሎት እስከ ወጡ ድረስ ወደ እነዚያ ሁለት ቅርንጫፎች መሄድ አይችሉም ነበር። ወደዚያ የሚሄዱት ሁለቱንም ቮልት የሚቀበሉ ሌሎች ባቡሮች ናቸው። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም። ገደቡ ከመጀመሪያው የታወቀ ስለ ነበር የጉዞ ሰሌዳው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ተሠራ፤ የቀሩት ቅርንጫፎች ደግሞ የራሳቸው ባቡር ተገዛላቸው። ጉዳት የሚያመጣው ታስቦበት የተቀመጠ ገደብ ሳይሆን ማንም ያላሰበበት ገደብ ነው።

የዋሻ ገደብ ከቮልት ይለያል፤ በቀጥታ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነውና። በርሊን ውስጥ ኦገስት 10 ቀን 2004 የ480 ዓይነት ባቡር አንሃልተር ባንሆፍ በተባለው የምድር ውስጥ ጣቢያ በእሳት ተያያዘ። ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነት ባቡሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ከሚያልፈው የዋሻ መስመር እንዲወጡ ተደረገ። መሬት ላይ ባለው መስመር ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ተመሳሳይ ባቡር፣ ተመሳሳይ ሹፌር፣ ተመሳሳይ ጥገና፤ ሜዳ ላይ ሲሆን ይፈቀድለታል፣ ዋሻ ሲሆን ይከለከላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ እሳት ቢነሣ ሰው በየበሩ ወርዶ ይሸሻል፤ ጠባብ ዋሻ ውስጥ ግን ጭሱ ከሰው ይፈጥናል፣ በጎን መውረጃም ላይኖር ይችላል። በእንግሊዝ በ1987 እና በ1990 መካከል ለለንደን የቴምዝሊንክ መስመር የተሠሩት 319 የተባሉ ባቡሮች በሹፌሩ ክፍል ፊት ለፊት የድንገተኛ መውጫ በር የተበጀላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። የዋሻው ጎን ጠባብ ስለ ሆነ ሰዎች በባቡሩ አፍንጫ በኩል ሐዲዱ ላይ ወርደው በእግራቸው እንዲወጡ ታስቦ ነው።

ስለዚህ የዋሻ ገደብ ያለበትን ባቡር ስታሳድሱ ገደቡን የወለደው ነገር ምን እንደ ሆነ ለይታችሁ ጻፉልን። የወለሉ ንጣፍ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ነው? ሽቦው ሲቃጠል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ ነው? መውጫ በር ስለሌለው ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእድሳት ይስተካከላሉ፤ ንጣፉና ሽቦው ያን ጊዜ መቀየሩ አይቀርምና ለእሳት የማይበገር ዓይነት መምረጥ ነው። ሦስተኛው ግን ገላውን መቁረጥ ይጠይቃል። አንዳንዱ ገደብ በትንሽ ጭማሪ ይነሣል፣ አንዳንዱ በምንም ገንዘብ አይነሣም። ሁለቱን አለመለየት ነው ትልቁ ስሕተት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ኃላፊዎች እድሳት ገደብን ያነሣል እንጂ አዲስ ገደብ ይወልዳል ብለው አይጠረጥሩም። ይወልዳል።

በብዙ መስመሮች ላይ ባቡር የት እንዳለ የሚታወቀው በራሱ በሐዲዱ ውስጥ በሚያልፍ ደካማ ጅረት ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ይለያል፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጫፍ ላይ ጅረቱ ይላካል፣ በሌላው ጫፍ ተቀባይ አለ። ባቡር ወደ ክፍሉ ሲገባ የብረት ጎማዎቹና ዘንጎቹ ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ፤ ጅረቱ ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል፤ ሲግናሉም ቀይ ይሆናል። ድንቅ ቀላል አሠራር ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ የሰው ሕይወት ሲጠብቅ ኖሯል። የድሮ ባቡር ሞተሩን የሚቆጣጠረው ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት በሚቀይሩ ትላልቅ ሬዚስተሮች ስለ ነበር ኤሌክትሪክ ያባክናል እንጂ በዚህ ጅረት ላይ ብዙም አይረብሽም። በእድሳት ጊዜ ያ ወጥቶ ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዲሱ መሣሪያ የሚሠራው ጅረቱን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶና በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው። ከዚህ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ረብሻ በጎማዎቹ በኩል ወደ ሐዲዱ ይመለሳል። የረብሻው ድግግሞሽ ከሲግናሉ ጅረት ጋር ከተገጣጠመ ተቀባዩ ባቡር የቆመበትን ክፍል ባዶ ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። ከኋላ ለሚመጣው ባቡር አረንጓዴ ይበራለታል ማለት ነው። በባቡር ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚከፋ ስሕተት አላውቅም።

በዚህ የተነሣ ሞተሩ የተቀየረለት አሮጌ ባቡር ትናንት ያለ ችግር ይሄድበት በነበረ መስመር ላይ ዛሬ እንደ ባዕድ ይቆጠራል፤ ፈቃዱን እንደገና ማግኘት አለበት። መስመሮች ደግሞ የሚጠቀሙበት የሲግናል ዓይነት ይለያያል። በአንዱ መስመር የተፈተነ ባቡር በሌላው ላይ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

የእንግሊዞቹ 442 የተባሉ ባቡሮች ታሪክ እዚህ ላይ ሊነገር ይገባል። ባቡሮቹ የተሠሩት በ1988 እና በ1989 ነው፤ ሞተሮቻቸው ግን ከ1960ዎቹ ባቡሮች ላይ የተወሰዱ ነበሩ። ከብዙ ዓመት በኋላ 18ቱን አድሶ ከለንደን ወደ ፖርትስመዝ በሚወስደው መስመር ላይ ለማሰማራት 45 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ፤ አዲስ ሞተርና መቆጣጠሪያም የእቅዱ ክፍል ነበር። በ2019 ባቡሮቹ ከሲግናል ጋር በተያያዘ ችግር ለጊዜው ከሥራ ወጡ። ቀጥሎ የኮቪድ ወረርሽኝ መጣና ተሳፋሪ ቀነሰ፤ በ2021 ባቡሮቹ እንደማይመለሱ ተነገረ። ወረርሽኙን ማንም ሊተነብይ አይችልም ነበር፤ በዚያ ማንንም አልወቅስም። የሲግናሉ ጉዳይ ግን መንገደኛ ከመጫኑ በፊት፣ ከተቻለም ወንበሩ ከመገጠሙ በፊት መልስ ማግኘት የሚገባው ጥያቄ ነው።

ክብደትም እንደዚሁ ነው። ማቀዝቀዣ ሲገባ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን ሰፊ ሽንት ቤት ከነማጠራቀሚያው ሲጨመር፣ ተጨማሪ ባትሪ ሲጫን ባቡሩ ይከብዳል። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አሮጌ ድልድይ በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ለሚያርፈው ክብደት ወሰን አለው፣ የፍሬን ርቀትም ከክብደት ጋር ይረዝማል። ማቀዝቀዣው ደግሞ የራሱን ኤሌክትሪክ ይስባል። በአንድ መስመር ላይ ብዙ የታደሱ ባቡሮች በአንድ ጊዜ ተነሥተው ሲፈጥኑ የኃይል ማከፋፈያው ላይችላቸው ይችላል። ያን ጊዜ ወይ ባቡሮቹ ፍጥነታቸው ይገደባል፣ ወይ ቁጥራቸው ይቀነሳል። ዘመናዊው ሞተር ፍሬን ሲያዝ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የተመለሰውን የሚቀበል ሌላ ባቡር በአቅራቢያ ከሌለ ወይም የኃይል ማከፋፈያው መልሶ መቀበል የማይችል ከሆነ ግን ያ ሁሉ ቁጠባ እንደ ድሮው ሙቀት ሆኖ ይበተናል። በሌላ መስመር ላይ የተለካን ቁጠባ ይዞ ይህንንም መስመር እንዲህ ያተርፈዋል ብሎ ማስላት ትክክል አይደለም።

ስለ ስፋትና ቁመት ብዙ አልልም፤ በሜትር የሚለካ ነገር ስለ ሆነ ሰበብ የለውም። በአውስትራሊያ ከሲድኒ ወደ ብሉ ማውንቴንስ የሚወጣው መስመር ከስፕሪንግውድ ጣቢያ በኋላ ጠባብ ነው፤ በሌላው መስመር የሚሄዱ ሰፋፊ ባቡሮች ከዚያ አያልፉም ነበር። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያን መንገድ የሸፈኑት ጠበብ ተደርገው የተሠሩት አሮጌዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ባቡሮች ናቸው። አዳዲስ ሰፊ ባቡሮች ሲታዘዙ መስተካከል የነበረበት መስመሩ ራሱ ሆነ። እዚህ ላይ አሮጌው ባቡር የነበረው ትልቁ ሀብት ልኩ ነበር።

የእንግሊዟ ዋይት ደሴት ምሳሌ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የደሴቲቱ አጭር የባቡር መስመር ራይድ በምትባለው ከተማ ሥር በዋሻ ያልፋል። ዋሻው በጎርፍ ስለሚጠቃ የሐዲዱ መሠረት ከፍ ተደረገ፤ በዚህም የዋሻው ቁመት ስላነሰ መደበኛ ባቡር አይገባበትም። መስመሩ በ1967 በኤሌክትሪክ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ደሴቲቱ የምትጠቀመው የለንደን ከተማ የምድር ውስጥ ባቡሮች የነበሩትን ነው፤ ቁመታቸው አጭር ነውና። በ1938 ለለንደን የተሠራው ዓይነት ባቡር በ1989 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ እስከ ጃንዋሪ 2021 ድረስ መንገደኛ ጭኗል። ዕድሜው ከ80 ዓመት አልፎ ነበር። የተካውም ያገለገለ ባቡር ነው። በ1980 በለንደን ዲስትሪክት መስመር ላይ ሥራ የጀመረው ዲ 78 የተባለው ባቡር የአሉሚኒየም ገላው ተጠብቆ፣ የውስጥ ዕቃው በአዲስ ተተክቶ፣ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ እዚያ ይሠራል። መጀመሪያ መስመሩ ተለካ፣ ከዚያ ለመስመሩ የሚሆን ገላ ተፈለገ፣ ከዚያ እድሳቱ ታዘዘ። እኔ የምለምናችሁ ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው።

የኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ ጃካርታም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። ከ2000 ጀምሮ ከጃፓን ያገለገሉ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ተቀብላለች፤ 205 ከተባለው ዓይነት ብቻ ከ800 በላይ ፉርጎዎች ከ2013 ወዲህ ገብተዋል። ይህ ሊሆን የቻለው በሁለቱም አገር የሐዲዱ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ ያለው ሽቦም 1,500 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ስለ ሆነ ነው። ፕላትፎርሙ ዝቅ ባለባቸው ጣቢያዎች ሰው መውጣትና መውረድ እንዲችል ከበሮቹ ሥር መወጣጫ ተገጠመ። መወጣጫ ግን ለጎልማሳ እግር እንጂ ለተሽከርካሪ ወንበር መፍትሔ አይሆንም፤ ዘላቂው መፍትሔ ፕላትፎርሙን ከፍ ማድረግ ነው። እድሳት ስታቅዱ ባቡሩን ብቻ ሳይሆን ጣቢያውንም አብራችሁ እዩ የምለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ገደብን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማንሣት ይሞከራል። ከላይ የጠቀስኳቸው 319 ባቡሮች ከለንደን ሲለቁ ከፊሎቹ ታድሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ሄዱ፤ ከማርች 2015 ጀምሮ በሊቨርፑልና በማንቸስተር አካባቢ አዲስ ኤሌክትሪክ በተዘረጋባቸው መስመሮች ላይ በሚገባ አገልግለዋል። ከላይ ሽቦ አለ፣ ባቡሩም ያን ቮልት ያውቀዋል፤ ሥራው ቀላል ነበር። ሌሎቹ ግን ሽቦም ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ሦስተኛ ሐዲድም በሌለበት ጭምር እንዲሄዱ የናፍጣ ሞተር ተገጠመላቸውና 769 ተባሉ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ በወረቀት ላይ ባቡሩ የማይሄድበት ቦታ አልነበረውም። በተግባር ግን ሥራው በጣም ዘገየ፤ አንድ ድርጅት የወሰዳቸው 19 ባቡሮች አንድም ተሳፋሪ ሳይጭኑ ተመለሱ። በዌልስ የተሰማሩት መንገደኛ ጭነዋል፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይቻልም አልልም። በ30 ዓመት ገላ ላይ ሁሉንም ነገር መጫን ግን ዋጋው ከባድ ነው። የታወቁ ሁለት ወይም ሦስት መስመሮችን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያገለግል ባቡር፣ ሁሉም ቦታ ይሄዳል ተብሎ ጥገና ጣቢያ ከቆመ ባቡር ይሻላል።

የሲግናል ዘመናዊነትም ለአሮጌ ባቡር በር ይዘጋል። የለንደን ቴምዝሊንክ ከ2018 ጀምሮ በመሐል ከተማው ክፍል ባቡሮች በኮምፒውተር እየተመሩ እንዲሄዱ አድርጓል። እንዲህ ያለ መስመር ላይ ለመግባት ባቡሩ ውስጥ ተመጣጣኝ መሣሪያ መኖር አለበት፤ መሣሪያው ደግሞ ውድ ነው። ለአሥር ዓመት ብቻ እንዲያገለግል በሚታደስ ባቡር ላይ ይህን መግጠም ያዋጣል ወይ? መልሱ እንደ መስመሩ ይለያያል። ነገር ግን የትኛው መስመር በየትኛው ዓመት ወደ አዲስ ሲግናል እንደሚሸጋገር እቅዱ እናንተ ጋ አለ። ሲግናል የሚያቅደው ክፍልና ባቡር የሚያሳድሰው ክፍል ሳይነጋገሩ ሲቀሩ ነው የታደሰ ባቡር በሁለት ዓመት ውስጥ መስመር የሚያጣው።

ይህ ሁሉ የቴክኒክ ጉዳይ ቢመስልም ሸክሙ የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። የባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሰዎችን አስቡ። አንድ ባቡር መንገድ ላይ ሲበላሽ በደቂቃዎች ውስጥ ምትክ መፈለግ አለባቸው። የትኛው ባቡር የት አይገባም የሚለው በአንድ ቦታ ካልተጻፈ፣ በየመመሪያው ከተበተነ ወይም በአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ራስ ውስጥ ብቻ ካለ፣ ሰውየው ጡረታ በወጣ ማግሥት እውቀቱም አብሮት ይወጣል። ሹፌሩም ቢሆን ባቡሩንም መስመሩንም የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ባቡሩ በጥቂት መስመሮች ሲወሰን እሱን መንዳት የሚችሉት ሹፌሮችም ያንሳሉ። የተሳፋሪው ነገር ደግሞ ፍትሕን የሚነካ ነው። ገደብ ያለባቸው ባቡሮች በጥቂት መስመሮች ላይ ይከማቻሉ። የእነዚያ መስመሮች ነዋሪዎች ዓመት ከዓመት በአሮጌ ባቡር ይሄዳሉ፤ ባቡር ሲበላሽም ምትክ የሚመጣላቸው ከዚያው ከተገደበው ክምችት ነው። ምክንያቱ ተነግሯቸው ቢሆን ብዙዎቹ ይረዱ ነበር። ያልተነገረው ሰው ግን ሰፈሬ ተንቆ ነው ይላል፤ እንዲህ በማለቱም አልፈርድበትም።

እንግዲህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የእድሳት ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ የባቡር ዓይነት የመስመር ሰነድ ይዘጋጅ። በሰነዱ ላይ ባቡሩ ዛሬ የሚሄድባቸው፣ ከእድሳት በኋላ የሚሄድባቸውና የማይሄድባቸው መስመሮች በስማቸው ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ክልከላ ጎን ምክንያቱና ለማንሣት የሚያስፈልገው ወጪ ይቀመጥ። ሰነዱን ባቡር የሚያሳድሱት ብቻቸውን አያዘጋጁት፤ የሲግናል፣ የኃይል ማከፋፈያ፣ የድልድይና የጣቢያ ባለሙያዎች ይፈርሙበት፣ ሹፌሮችና የመቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኞችም ይጠየቁ። ሞተሩ የሚቀየር ከሆነ መጀመሪያ አንድ ባቡር ብቻ ይሠራና ወደፊት በሚላክባቸው መስመሮች ሁሉ፣ መንገደኛ ሳይጭን፣ ይፈተን። የቀሩት ባቡሮች ሥራ የሚጀመረው የእሱ ውጤት ከታወቀ በኋላ ይሁን። ይህ ወራትን ሊጨምር ይችላል። ባቡሮቹ በሙሉ ታድሰው ካለቁ በኋላ ችግር ከሚገኝ ግን እነዚያ ወራት እጅግ ርካሽ ናቸው።

የደኅንነት ገደብን ደግሞ ሕዝብ ተማረረ ብላችሁ እንዳታነሡ። ዋሻ ውስጥ እንዳይገባ የተከለከለ ባቡር የተከለከለበት ምክንያት እስካልተወገደ ድረስ ተከልክሎ ይቆይ። እኔም እንደ ሌላው ሰው በሰዓቱ መድረስ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ደኅንነቱ ባልተረጋገጠ ባቡር ከመሄድ ጠዋት ተጨናንቄ መሄድን እመርጣለሁ።

በመጨረሻም ሰነዱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ከመሐንዲሶች ቋንቋ ወጥቶ ማንም ሊያነበው በሚችል ንግግር፣ በአንድ ገጽ ላይ ይቅረብ፦ ይህ ባቡር እነዚህን መስመሮች ያገለግላል፣ እነዚህን አያገለግልም፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ይህ ሁኔታ እስከዚህ ዓመት ይቆያል። አሁን በእድሳት ላይ ያሉ ባቡሮች ካሏችሁም ለእነሱ የሚሆነውን ገጽ ለማውጣት የሚቀጥለውን ውል መጠበቅ አያስፈልግም። መረጃው በእጃችሁ ካለ አውጡት፤ ከሌለ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ አሁኑኑ አጣሩት።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የባቡር ተሳፋሪ